ክር የታሰረባቸው ጠመንጃዎች

ባሌ ሰይፈሥላሴ ድሮ ጠመንጃ ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው እንጨቱን ነበር። ሰደፉን በመዳፉ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ የእንጨቱን መስመር በዓይኑ ይከተላል፣ አንዳንዴም ያሸተዋል። ስለ ብረቱ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እየቆየ እንጨት ማየቱን ተወና ቃታውን ብቻ ይሞክር ጀመር። ቀጥሎ ክብደቱን። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን መሣሪያው ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሳይወጣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር።

«ማንን ገድሏል?»

ስለ ጠመንጃ የማውቀው ሁሉ ከእሱ የሰማሁት ነው። እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። እናቴ ስትታመም ላስታምማት ቤት ቀረሁ፤ እሷ ስታርፍ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቼ ፈተል ክፍል ተቀጠርኩ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሰይፈሥላሴን አገባሁ። እሱ ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ ሥራው የባቡር ጥበቃ ነው። የዕቃ ፉርጎ ላይ ተቀምጦ እስከ አዋሽ ይወርድና በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ አቃቂ ይመለሳል። ቤታችን ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ ነው፤ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ግቢው ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ክፍል። ሰርቪሷ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የጠመንጃ ነበረች።

ያን ጊዜ የነበሩት ረጃጅሞቹ የጥንት ጠመንጃዎች ናቸው። ከመንዝ ከአባቱ የወረሰው ምንሽር፣ ሁለት ዲሞትፎር፣ አንድ ሰደፉ የተሰነጠቀ ውጅግራ። እሑድ እሑድ ግቢ ውስጥ ሰሌን ዘርግቶ በኑግ ዘይት እንጨታቸውን ያሻል።

«እዪው እስቲ ይሄን፣ አቻሜ» ይለኛል። «ዋንዛ አይደለም፣ ዝግባ አይደለም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንጨት ነው።»

«እኔማ የሚታየኝ ለወጥ የሚሆነኝ ዘይት ሲያልቅ ነው።»

ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር። ጠመንጃ የሚወድ ባል መጠጥ ከሚወድ ባል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ይሉኝ ነበር።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት ላይ ወታደሩ ተበትኖ በደብረ ዘይት መንገድ ሲጎርፍ ልጄ ማህሌት የሦስት ወር ሕፃን ነበረች። ወታደሮቹ ጫማቸው አልቆ፣ ከንፈራቸው ደርቆ መሣሪያቸውን በዳቦና በአሮጌ ልብስ ይለውጣሉ። ሰይፈሥላሴ ገብቶ ከቁም ሳጥን የሰርጋችንን ኮትና ሱሪ አውጥቶ ሄደ። የተመለሰው ክላሽ ይዞ ነው። ኮቱን ለብሶ የሄደው ልጅ ትከሻው ልክ እንደነበረ፣ እንዳማረበትም ነገረኝ። ባዶውን መስቀያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የረጃጅሞቹ ፍቅር ቀዘቀዘ። «ውበት ምን ይሠራል?» ይላል። «ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ ተነሥቶ የሚተኩስ ነው ጠመንጃ።» ዲሞትፎሮቹን ሸጠ፣ ውጅግራውን ለአንድ የገጠር ዘመዱ ሰጠ፣ በምትካቸው ሰደፋቸው የሚታጠፍ ክላሾች ገቡ። ያባቱን ምንሽር ብቻ አስቀረ።

የድሮው ባቡር ሲቆም ጡረታ ወጣ፤ ወገቡም ታመመ። ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሳት አቃተው። አሁን ደግሞ ፍቅሩ ሽጉጥ ሆነ። ማካሮቭ፣ አንድ ቤልጅግ፣ አንድ ስሙን የማላውቀው እጀታው የተላላጠ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እንደ ሰዓት ሠሪ መነጽር አድርጎ ይፈታቸዋል፣ ይገጥማቸዋል። ፈቃድ ያለው ለአንዱ ብቻ ነው። በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ መሣሪያ ያለው ያስመዝግብ ሲባል አንዱን ይዞ ሄደና ሌሎቹን ከዶሮው ቤት ሥር ቀበራቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዶሮዎቹ እዚያ አላደሩም፤ አጥር ላይ ተሰቅለው ያድሩ ነበር። ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የማንም ሰው አመል ነው። የሚሰበስብ ሰው ዓይኑ ይለዋወጣል። የተለየው ነገር የመጣው ከአንዲት የዱከም ሴትዮ ጋር ነው።

ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በክንዷ አቅፋ በሩን አንኳኳች። የሰይፈሥላሴን ስም ሰው ነግሯት ነው የመጣችው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ባለቤቴን ሲወለውለው ነው የገደለው» አለች። «ልጆቼ እዚያ ቤት አንተኛም አሉኝ። ወንዝ ልጥለው ሄጄ እጄ አልለቅ አለኝ። አንቱ ይወዳሉ ሲሉኝ መጣሁ።»

ዋጋ አልጠየቀችም። ተቀብሏት ስትወጣ እስከ በር ሸኛት። ተመልሶ ከልብስ ስፌት ቅርጫቴ ጥቁር ክር ቆርጦ የሽጉጡ ጣት ማስገቢያ ላይ አንድ ቋጠሮ አሰረ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ሰውየው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ንጹሕ መሣሪያ አስጠላው። ክላሾቹን አንድ ባንድ ሸጣቸው፤ ያባቱን ምንሽር ሳይቀር ሸጠ። የአባቱ ጠመንጃ ሲወጣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሱ ዞሮም አላየው። በነሱ ፈንታ ሰው የበሉት ገቡ። አንዱ በድንበር ጠብ ወንድም የገደለ፣ አንዱ ሰውየው ራሱን ያጠፋበት፣ አንዱ በሠርግ ላይ ለደስታ ሲተኮስ ሴት የመታ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቤታቸው ማኖር ያልቻሉ ሰዎች ራሳቸው ያመጡለት ጀመር። ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ክር ያስራል። ስማቸውን ይጠይቃል፣ በቃሉ ይይዛል። ዘይት መቀባት፣ መወልወል ቀረ። መደርደሪያው ላይ አፈሙዛቸውን ወደ ግድግዳ አድርጎ ያስተኛቸውና አጠገባቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። «ለምንድነው እነዚህን የመረጥከው፣ ሰይፉ?»

«ሬሳው ይቀበራል፣ ይለቀስለታል» አለኝ። «ይሄ ግን የመጨረሻ ፊቱን ያየ ነው። ይሄን ማን ይጠይቀዋል?»

መጥረጊያዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ክፍሏን በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እሱ ዕድር ስብሰባ ሄዶ በእኩለ ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁ። የፋብሪካው ጡሩምባ ለምሳ ሲጮኽ ትዝ ይለኛል፤ ቀትር ነው። መደርደሪያውን ሳየው አፈሙዞቹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረዋል። አሥሩም። ጠዋት ሳልፍ በመስኮት አይቻቸዋለሁ፤ ወደ ግድግዳ ነበሩ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። መጥረጊያዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁና እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሲመጣ ነገርኩት። አልደነገጠም። ደስ ያለው መሰለኝ።

«ለመዱሽ ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቀትር እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እየጠረግሁ ኖርኩ። ሰው ምን ያደርጋል? ሁሉንም ይለምዳል።

ልጄ ማህሌት ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባሏ ጌዲዮን የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አሥር ቀን ቢገኝ ነው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፈውባታል። በሦስተኛው ሰባት ወር ሲሞላት ልትጠይቀኝ መጣችና ግቢው ውስጥ ቆመች፤ ወደ ሰርቪሷ ጀርባዋን ሰጥታ።

«እማዬ፣ አንቺ ጋ መታረስ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «እዚያ ፎቅ ላይ ውሃ የለ፣ ሰው የለ። ያንቺ እጅ ካልነካኝ የምተርፍ አይመስለኝም።»

«ነይ እንጂ! ወዴት ልትሄጂ ኖሯል?»

«እነሱ ካሉ ግን አልመጣም።»

እነሱ አለች። ጠመንጃዎቹ አላለችም።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። የምትተኛበት ሌላ ክፍል የለንም፤ አባቷ ደግሞ ስኳር አለበት፣ ምግቡ በሰዓቱ ካልቀረበለት ይወድቃል፤ ጥዬው ቂሊንጦ ልከርም አልችልም። የልጄን አራስነት በቤቴ ማየት፣ ገንፎዋን አገንፍቼ ማጉረስ፣ የልጅ ልጄን ማጠብ ነበር የቀረኝ ምኞት። ለሰይፈሥላሴ ምሳውን አቀረብኩለትና ይሄንኑ ነገርኩት። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ሦስት ቀን እነሱ ጋ በርጩማው ላይ አመሸ። በአራተኛው ቀን «ታጁን ጥሪው» አለኝ።

ታጁ ከዋናው መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ያለው የስልጤ ልጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ቀልዱ አያልቅም። ቅዳሜ ጠዋት የኤሌክትሪክ መቁረጫውን፣ ገመዱንና የብረት ማሰሪያውን ይዞ መጣ። በሰፈሩ ብረት የማይቆረጥበት ቀን ስለሌለ ድምፁ ማንንም አያስደነግጥም።

«ጋሼ ሰይፉ፣ እነዚህን ለቆራሌው ቢሰጧቸው እኮ በሁለት ሳፋ ይለውጥልዎታል» አለ መነጽሩን እያጠለቀ።

«ዝም ብለህ ቁረጥ።»

«እሺ፣ እሺ። እትዬ አቻምየለሽ፣ ዛሬ ጋሼን ምን አብልተዋቸው ነው?»

ሰይፈሥላሴ እያንዳንዱን ከመስጠቱ በፊት ክሮቹን በጥርሱ ይፈታል። የፈታቸውን አንድ ትንሽ ሽጉጥ ላይ ያስራቸዋል፤ ያቺን እጀታዋ የተላላጠውን። እሷን ድሮ የሸጠለት አንድ የሳሪስ ሽማግሌ ነበር፤ የገደለቻቸውን የነገረው ግን ኋላ ሄዶ ሲጠይቀው ነው። አራት ሰው በልታለች፤ የሦስቱን ስም ነግሮታል፣ አራተኛውን ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ሰይፈሥላሴ ስለዚያ ስም ሦስት ጊዜ ሳሪስ ተመላልሷል። ሽማግሌው ሞተና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ዘጠኙ ተቆረጡ። ቁርጥራጩን እኔው በባልዲ ወስጄ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። የመጨረሻዋ ስትቀር ታጁ ማሰሪያው ላይ ጠፈራትና መቁረጫውን አስጠጋ። የመቁረጫው ዲስክ ተሰበረ። ሌላ ገጠመ፣ ተሰበረ። ሦስተኛው ሲሰበር ስብርባሪው መነጽሩን መትቶ አለፈ። መቁረጫውን አጠፋውና ጓንቱን አውልቆ ሽጉጧን በጣቱ ነካት።

«እትዬ፣ ይሄ ዕቃ ይሞቃል» አለ። አሁን አልቀለደም።

«ስለቆረጥከው ነው።»

«የት ቆረጥኩት? ጭረት እንኳን የለበትም። እዩት።»

አየሁ። ጭረት አልነበረበትም። ታጁ ገመዱን ጠቅልሎ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። የዲስኩን ሒሳብ ልስጥህ ስለው በእጁ ምልክት እምቢ አለኝ።

«እኔ እቀብረዋለሁ» አለ ሰይፈሥላሴ።

«የት?»

«ከዚህ ርቆ።»

አመንኩት። ዘጠኙን በገዛ እጁ ያስቆረጠን ሰው በአንዷ መጨቃጨቅ ነውር መሰለኝ። ደክሞኝም ነበር። የሠራሁት ጥፋት ይሄ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ክፍሏን ኖራ ቀባኋት፣ አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። የኑግ ዘይቱ ሽታ ግን ከግድግዳው አልወጣ አለ፤ ዘይት መቀባት ከቀረ ስንት ዓመቱ። ማህሌት ኅዳር ላይ ሆስፒታል ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ጥቁር ጸጉሯ ጆሮዋን የሚሸፍን። በሦስተኛው ቀን ቤቴ አመጣኋት። አራስ ብቻዋን እንደማትተው፣ ከራስጌዋም ብረት እንደማይለይ ከእናቴ ነው የተማርኩት። በተለይ በቀትር። የወጥ ቤቴን ቢላ በጨርቅ ጠቅልዬ ትራሷ ሥር አደረግሁ። ለወጥ ሌላ ቢላ ገዛሁ።

አሥራ አንድ ቀን በደስታ አለፈ። ሰይፈሥላሴ እንደ ድሮው ሆኖ ነበር፤ ሕፃኗን አቅፎ ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ለጠያቂ ወንበር ያወጣል። አንዴ እንዲያውም «ይቺ ልጅ አፍንጫዋ ያንቺ ነው፣ ምን ይሻላታል?» ብሎ አሳቀኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የገንፎ ዱቄት አለቀ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገብሴን ይዤ ወፍጮ ቤት ልሄድ ተነሣሁ።

«አንተ አጠገቧ ሁን» አልኩት። «እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትል።»

«የት እሄዳለሁ?»

ወፍጮ ቤት ስደርስ መብራት ጠፋ። ይመጣል ይመጣል እያልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። ሳይፈጭ ትቼው ስመለስ የፋብሪካው ጡሩምባ መንገድ ላይ ጮኸብኝ። ስድስት ሰዓት። ሮጥኩ፤ በኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ።

ሰይፈሥላሴ ከሰርቪሷ በር ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጫማው አልነበረም እግሩ ላይ። ከደጃፉ ጥግ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል።

«ለምን ወጣህ?»

«ሰው በዛ» አለኝ። «ቦታ ለቀቅሁላቸው።»

ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ማህሌት ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ነቅታለች። አታለቅስም። ዓይኗን ከፍታ የአልጋውን ግርጌ ታያለች። የሁለት ሳምንት ሕፃን እንደዚያ አታይም።

«እማዬ፣ ዛሬ ጠያቂ በዛ» አለችኝ ማህሌት። ድምጿ እንደ እንቅልፍ ነው።

«ማን መጣ?»

«አላውቃቸውም። ወንዶች ናቸው። አንዲት የሠርግ ልብስ የለበሰችም አለች። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ቆመው ቆዩ።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉሽ?»

«አላሉም። ዝም ብለው እሷን ያያሉ። አንዱ ብቻ ነው የተናገረ። ስሟን ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ገና አልወጣላትም አልኩት። ‹የኔን ስጫት› አለኝ።»

እጄን ትራሷ ሥር ሰደድኩ። ቢላዬ የለም። እጄ ላይ ክር ተጠመጠመ፤ ስስብ ሽጉጧ ወጣች። ሁሉም ክሮች አሉባት። ትሞቃለች፤ እንደ ሰው ብብት።

ሰይፈሥላሴ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

«አንተ! ምን አድርገህ ነው?» አልኩት። «አልቀበርካትም?»

«ለልጄ ነው» አለ። «የሽንኩርት ቢላ ምን ያስጥላታል፣ አቻሜ? ብረት ብረት ነው ብለሽ? ይሄ ያስፈራል። ይሄ ባለበት ምንም አይቀርብም ብዬ ነው።»

አልዋሸም። ይሄን አውቃለሁ። የልጁን ራስጌ ካለው ሁሉ በበረታው ሊጠብቅላት ነው ያሰበ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር፤ ስንቱን ይቅር ብዬው ኖሬያለሁ። አላቆመም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የማህሌትን አንጓ ያዘ።

«ያ የተናገረሽ ሰው አራተኛው ነው፤ ስሙን ነገረሽ?»

«አባዬ፣ ያመኛል።»

«‹የኔን ስጫት› ሲልሽ ስሙን ጠርቷል። አስታውሺ። ማን አለሽ?»

«ጠርቷል። ረሳሁት።»

«አልረሳሽም። አሁን እኮ ነው። ቀስ ብለሽ አስቢ፣ የኔ ልጅ። በምን ይጀምራል?»

ሕፃኗን አላየም። ፊቱን አየሁት። የዛሬ አርባ ዓመት ሰደፍ ወደ ብርሃን ሲያዞር የነበረው ፊት ነው። ማህሌት ግንባሯን ቋጥራ ማሰብ ጀመረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልትለው ነው። በመዳፌ አፏን ያዝኩት።

«አትናገሪ» አልኳት። «ተነሽ።»

በቀትር ሕፃን አይወጣም። እኔ ግን ሕፃኗን በሁለት ነጠላ ጠቅልዬ፣ ልጄን በክንዴ ደግፌ ወጣሁ። ቢላዬን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አገኘሁትና መቀነቴ ውስጥ ሻጥኩት። ሽጉጧን አልጋው ላይ ትቻታለሁ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ፊሮምሳ ከበራችን ፊት ለፊት ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር።

«እትዬ፣ በዚህ ፀሐይ አራስ?» አለ ዓይኑን እያሸ።

«ንዳ።»

«ኧረ ጋሼስ? አይመጡም?»

«ንዳ አልኩህ እኮ፣ ልጄ!»

ወደኋላ አላየሁም። ማህሌት አይታለች። አባቷ በሩ ድረስ በባዶ እግሩ እንደመጣና «በምን ይጀምራል?» እያለ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

አምስቱን ፎቅ አራት ጊዜ ዐርፈን ወጣን። ልጄን ሦስት ቀን አተኮሳት፤ በአራተኛው ቀን ተሻላት። ስሙን ታስታውሽዋለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ጌዲዮን ከጂቡቲ ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ሹፌር ብዙ ነገር ያያል፣ አልሳቀብኝም። ውሃ በጀሪካን ሲያመላልስ ዋለ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሣናት። አያቷን አልጠራንም።

እኔ እዚያው ቀረሁ። አንድ ቀን እያሳለፍኩ አቃቂ እወርዳለሁ፤ የሁለት ቀን ምግቡን ሠርቼለት፣ መርፌውን አይቼለት፣ ልብሱን አጥቤለት ከስድስት ሰዓት በፊት እመለሳለሁ። ሰይፈሥላሴ አሁን የሚተኛው ሰርቪሷ ውስጥ ነው፤ ልጄ የታረሰችበት አልጋ ላይ። ሰዎች አሁንም የተጠቀለለ ነገር ይዘው ይመጣሉ። አይቀበልም። «ሰብስቤ ጨርሻለሁ» ይላቸዋል። አንዷ ብቻ ናት የቀረችው፤ ትራሱ ሥር ናት። ከሳ እንጂ ሕመሙ አልባሰበትም። ጎረቤቶቼ ሽማግሌ ልከው ሊያስታርቁን ፈልገው ነበር፤ አልተጣላንም አልኳቸው፤ ያልኩትም እውነት ነው።

በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀኛል።

«ሕፃኗን ማን አላችኋት?»

«ገና ነው» እለው ነበር። ክርስትና ከተነሣችም በኋላ «ገና ነው» አልኩት። መዋሸቱ የሚጠብቃት መስሎኝ ነበር።

ያለፈው ሐሙስ ግን ሳህኑን ፊቱ ሳስቀምጥ አንገቱን ነቀነቀና ፈገግ አለ።

«ገና መሆኑ ጥሩ ነው» አለኝ። «እሱም እየጠበቀ ነው።»

እንጀራውን ቆርሼ እጁ ላይ አስያዝኩት።

«ወጥቶላታል» አልኩት። «ክርስትናም ተነሥታለች። ስም አላት።»

«ማን?»

«አልነግርህም፣ ሰይፉ። አንተ እስክትሞት አትሰማውም።»

አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ግርጌ ዞረ፤ እዚያ ግድግዳና የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ብቻ ነው ያለው።

«ሰማህ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወጥቶላታል አለች።»

ከዚያ ጆሮውን አዘነበለ፤ ሰው የሚናገረውን እንደሚያዳምጥ። የተናገረ የለም፣ እኔ የሰማሁት የለም። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሳህኑን ሳላጥብ ተውኩት፣ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ታክሲ ወዳለበት ወጣሁ።